ኩስኮ ላይ የት እንብላ? ከገበያ ሾርባ እስከ ሞራይ ጠረጴዛ

የፔሩዋ ኩስኮ በገባሁባት የመጀመሪያ ማታ ርቦኝ ነበር። አደባባዩ ጥግ ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ገባሁ። የአልፓካ፣ የዚያ የግመል ዘመድ የሆነ የተራራ እንስሳ፣ ጥብስ በድንች አዘዝኩ፤ ከላዩ ቢራ ጨመርኩበት። ሌሊቱን ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ልቤ ድው ድው እያለ፣ ጣሪያ ሳይ አደርኩ። ምግቡ ምንም አልነበረበትም። ጉዱ ያለው ከፍታው ላይ ነው። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባን በአንድ ሺህ ሜትር ትበልጣለች። አዲስ አበባ ያደገ ሰው “እኔን ደጋ ምን ያደርገኛል” ሊል ይችላል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ባሕር ዳር ካለችው ሊማ ተነስቶ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ በረራ እዚያ ለሚወርድ ሰው፣ በተለይ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ዓመታት ለከረመ ሳንባ፣ የልጅነት ደጋ ብዙም አያድንም።

የአገሩ ሰው ዋናውን ምግብ በቀን ይበላል፤ በእኛ ሰዓት ከስድስት እስከ ዘጠኝ። ማታ ሾርባ ወይም ዳቦ በሻይ ይበቃዋል። ሌላም ነገር አለ። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሥጋና ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ጥሩ ድስት ማለዳ የተጣደ ድስት ነው። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ሰዓቱን እዩ።

እኔ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፦ ገንዘብ ቢኖራችሁም ከታች ጀምሩ። ውዱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ድንችና በቆሎ ገበያ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ርካሹን ሳትቀምሱ ውዱን ብትበሉ፣ ምን እንደተጨመረበትና ምን እንደተቀነሰበት አታውቁም።

ገንዘቡ ሶል ይባላል። ዶላሩ ከሦስት ሶል ተኩል ብዙም አይርቅም። ከዚህ በታች ሶል ስል እያካፈላችሁ አንብቡ።

ሳን ፔድሮ፦ ቁርስ እዚህ

የሳን ፔድሮ ገበያ ከዋናው አደባባይ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የተከፈተ ትልቅ ባለ ጣሪያ አዳራሽ ነው። አንዱ ረድፍ ጭማቂ፣ አንዱ ዳቦና አይብ፣ አንዱ ሾርባ።

ጭማቂ ሻጮቹ ሽርጥ ያሰሩ ሴቶች ናቸው። ከፍራፍሬው ክምር ጀርባ ከፍ ብለው ተቀምጠው “ካሴሪታ! ካሴሪታ!” እያሉ ይጣራሉ። ቃሉ ቁርጥ የእኛ “ደንበኛ” ነው። ሻጭም ገዢም እርስ በርስ በዚያው ስም ይጠራራሉ። እኔ ማንጎና ፓፓያ አስመታሁ። ብርጭቆው አፉ ድረስ ሞላ። ጠጥቼ ላስቀምጥ ስል ሴትዮዋ እጄን ያዘችኝ፤ ከመምቻው የተረፈውን ገለበጠችልኝና “ያፓ” አለች። ምርቃት ማለቷ ነው። ሁለተኛው ሙሊት ከመጀመሪያው ብዙም አላነሰም። ያፓው ካልመጣ መጠየቅ ነውር የለውም። ጁሱ ግን ቀጭን ነው። በማንኪያ የሚበላውን የአዲስ አበባ ስፕሪስ የለመደ ሰው ትንሽ ቅር ይለዋል።

የሾርባው ረድፍ የበለጠ ይረዳችኋል። “ካልዶ ደ ጋይና” የሚሉት ያረጀች ዶሮ ለረጅም ሰዓት ተቀቅላ የሚወጣ መረቅ ነው። ፓስታ፣ ድንችና ሙሉ እንቁላል ይገባበታል። ሌላው የበግ ጭንቅላት ሾርባ ነው። ቅቅል የሚወድ ሰው ሳይተዋወቅ ይግባባዋል። ከ10 እስከ 15 ሶል ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጠግባችሁ ትወጣላችሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ትቀመጣላችሁ። ያ ሰው ሲነሳ “ፕሮቬቾ” ይላችኋል። እኛ ዘንድ የሚበላው ነው “እንብላ” የሚለው። እነሱ ዘንድ ገቢና ወጪው ነው የሚበላውን ሰው የሚመርቀው።

የትኛው ሾርባ ጋ ልቀመጥ ካላችሁ፣ እንፋሎቱ የሚጨስበትና የሠፈሩ ሰው የተደረደረበት ጋ ነው። ሴቪቼ፣ በሎሚ የተነከረ ጥሬ ዓሣ፣ የሚሸጡም አሉ። እሱን ለሊማ ተዉት። ዓሣው ከባሕር ተነስቶ ተራራ ወጥቶ ነው የሚመጣው።

ከገበያው ሳንወጣ አንድ ቃል ልንገራችሁ። ፔሩ ውስጥ “ሜኑ” ስትሉ የምግብ ዝርዝር አያመጡላችሁም። ሜኑ ማለት የዕለቱ ምሳ ነው፦ ሾርባ፣ ዋና ምግብና የሚጠጣ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ተራ ሠፈር ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሶል ባለው ታገኙታላችሁ። ዝርዝሩን ከፈለጋችሁ “ካርታ” በሉ። ብዙ ቤቶች በራፍ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቁመው የዕለቱን በጠመኔ ይጽፋሉ። ከአደባባዩ ሦስት መንገድ ራቅ ስትሉ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል።

እንጨት ላይ የታሰረ ቀይ ፌስታል

ከኩስኮ ዝቅ ብሎ ያለው የኡሩባምባ ሸለቆ ውስጥ በመኪና ስትሄዱ ከአንዳንድ ቤት በራፍ ረጅም እንጨት ወጥቶ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሮ ታያላችሁ። አንዳንዱ ቀይ ጨርቅ ነው። ዛሬ ቺቻ ደርሷል ማለት ነው። እኛ ጋ ጠላ ቤት እንጨት ላይ ጣሳ እንደሚደፋው ነው። በኬችዋ ቋንቋ ቤቱን “አቃ ዋሲ” ይሉታል። አቃ ቺቻው ነው፤ ዋሲ ቤት ነው። ቃል በቃል ጠላ ቤት።

ነገሩ በስም አያበቃም። ቺቻ የሚጠመቀው ከበቆሎ ብቅል ነው። በቆሎው ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ ተቀቅሎ ይብላላል። ጌሾ ስለሌለው መራራነት የለውም። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ኮምጠጥ ያለና ከጠላ ቀለል ያለ ነው። የሚቀዳበት ብርጭቆ ግን ቀላል አይደለም። ሁለት እጅ ያስፈልገዋል። የአገሩ ሰው ከመጠጣቱ በፊት መሬት ላይ ጠብ ያደርጋል፤ ለፓቻማማ፣ ለእናት ምድር። እንጆሪ ተፈጭቶ የሚገባበት ሮዝማ ዓይነትም አለ፤ “ፍሩቲያዳ” ይሉታል። ለጀማሪ እሱ ይሻላል። “ቺቻ ሞራዳ” የሚባለው ሐምራዊው ደግሞ ሌላ ነው። አልኮል የለውም፤ ልጆችም ይጠጡታል።

ከቺቻው ጋር ምግብ የሚያቀርበው ቤት ፒካንቴሪያ ይባላል። እኔን ጠይቁኝ ካላችሁ ከዚህ ሁሉ የምመርጠው ይሄን ነው። ኩስኮ ከተማ ውስጥ ቱዩማዮ መንገድ ላይ “ላ ቾምባ” አለች። ቾምባ ማለት ቺቻ የሚብላላበት ጋን ነው። ረጅም ጠረጴዛዎች፣ ጫጫታ፣ ከአንዱ ሰሃን ሁለት ሰው የሚያጠግብ ምግብ። ወደ ማታ መሄድ ግን ዋጋ የለውም። ፒካንቴሪያ የምሳ ቤት ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድስቱ ባዶ ነው።

ምን ልዘዝ? “ካፕቺ” ባቄላ በወተትና በአይብ የበሰለ ነው፤ በዝናቡ ወራት በእንጉዳይም ይሠሩታል። “ሮኮቶ ሬዬኖ” ተሞልቶ የተጠበሰ ትልቅ ቃሪያ ነው። ሥንግ ብላችሁ እንዳትዳፈሩት፤ ሮኮቶ ያቃጥላል። “ታርዊ” ስታገኙ ግን አትለፉት። የእኛ ግብጦ ዘመድ ነው፤ ያው መራራነት፣ ያው ቀናት የሚፈጅ የውኃ መንከር። የእነሱ ፍሬ ነጭና ደልደል ያለ ነው፤ በሽንኩርትና በቲማቲም ሰላጣ ያደርጉታል። ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ አንዲት ጎድጓዳ ዕቃ አለች፤ “ኡቹኩታ” ትባላለች። ቃሪያና “ሁዋካታይ” የሚሉት ቅጠል አንድ ላይ ድንጋይ ላይ ተፈጭቶ ነው የሚሠራው። ዳጣ ናፍቋችሁ ከሆነ መፍትሔዋ እሷ ናት። እኔ ሁለት ጊዜ አስሞልቻለሁ፤ ሁለተኛውን ሲያመጡ ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ።

አንዳንዱ ቤት ግቢ ውስጥ የናስ እንቁራሪት ከሳጥን ላይ ተቀምጣ ታያላችሁ። ብረት እየወረወራችሁ አፏ ውስጥ ማስገባት ነው ጨዋታው። ተሸናፊው ቺቻ ይከፍላል።

የመንደሮቹ ምግብ

ከኩስኮ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ላይ እያንዳንዱ ከተማ አንድ ምግብ ይዟል። ሳይያ የአሳማ ጥብስ ነው። ቲፖን ኩይ ነው። ኦሮፔሳ ዳቦ ነው። ኮምቢ በሚሉት ሚኒባስ በጥቂት ሶል ትደርሳላችሁ።

ኩይ ጊኒ ፒግ ነው። ጭራ የሌላት፣ በእጅ መዳፍ ላይ የምትይዟት እንስሳ። እነሱ ዘንድ የድግስ ምግብ ናት። ኩስኮ ካቴድራል ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማርኮስ ሳፓታ የሳለው የመጨረሻው እራት ሥዕል አለ። ክርስቶስ ፊት ሰሃን ላይ ያለችው ኩይ ናት፤ እግሯን ሰቅላ ተጋድማለች። እኛ ከአይጥ ወገን ነውና አብዛኞቻችን አንበላም። እኔም አልበላሁም። ለመብላት የቆረጠ ግን ከተማ ውስጥ ለፎቶ ከሚሠራው ይልቅ ቲፖን ይሂድ፤ ወይም ሸለቆው ውስጥ ላማይ፣ እንጨት ላይ ሰክተው ከሰል ላይ የሚያዞሩበት።

ኦሮፔሳ ግን ሁሉንም ሰው ያስማማል። “ቹታ” የሚባለው ዳቦ ጠፍጣፋ፣ ሰፊ፣ ትንሽ ጣፋጭ ነው። በጭቃ ምድጃ፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ነው የሚጋገረው። የኩስኮ ተራሮች እንደ እንጦጦ በባሕር ዛፍ ተሸፍነዋል። ጠዋት መንደሩ ስትገቡ ጭሱ አፍንጫችሁን ሲመታው የት እንዳላችሁ ለደቂቃ ይጠፋችኋል። አንድ ቹታ ገዝቼ አውቶቡስ ውስጥ እየቆረስኩ ጨረስኩት።

ሸለቆው ውስጥ ደግሞ በቆሎ አለ። የኡሩባምባ ነጭ በቆሎ አንዷ ፍሬ የአውራ ጣት ጥፍርን ትበልጣለች። በእሸቱ ወራት መንገድ ዳር ቀቅለው ከአንድ ቁራጭ ትኩስ አይብ ጋር ይሰጧችኋል። ይህ ምግብ ቤት አያስፈልገውም።

መካከለኛው፦ ኪንታና ሳን ብላስ

ኪንታ ማለት ግቢ ያለው የምሳ ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ከአያት እስከ ሕፃን ይሞላዋል። “ኪንታ ኤውላሊያ” እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ አለች። የበግ ጎድን ጥብስ እዚህ ዓይነት ቤት ነው የሚበላው። ፒካንቴሪያው ግር የሚላችሁ ከሆነ ኪንታ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው፤ ምግቡ ያው ነው፤ ወንበሩ ይመቻል።

ሳን ብላስ ዳገት ላይ ያለ የአርቲስቶች ሠፈር ነው። ፓቻፓፓ ግቢው ውስጥ የእንጨት ምድጃ አለው፤ ማታ ብርዱን የሚቋቋመው በዚያ ነው። ዋጋው ከገበያው አራት አምስት እጥፍ ነው። ሞቅ ያለ ነገር፣ ትንሽ ሻማ፣ የሚያነጋግራችሁ አስተናጋጅ ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው። የኩስኮን ምግብ ለማወቅ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለቀን አስቀምጡት።

ውዱ

ጋስቶን አኩሪዮ የፔሩን ምግብ ዓለም ዘንድ ካደረሱት ሼፎች ቀዳሚው ነው። ኩስኮ ያለው ቤቱ “ቺቻ” ይባላል፤ ሬጎሲሆ አደባባይ አጠገብ ፎቅ ላይ ነው። የሸለቆውን ምግብ አጣርቶ፣ አሳምሮ ያቀርባል። ከቤተሰብ ጋር ለሚሄድና አንዱ ስቴክ አንዱ አገር ባህል ለሚፈልግበት ጠረጴዛ ከሁሉ የሚመች እሱ ነው። “ማፕ ካፌ” ደግሞ የቅድመ ኮሎምቢያ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ውስጥ በመስታወት የተሠራ ክፍል ነው። ለሠርግ መታሰቢያ ያምራል። የበላሁትን ግን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ግቢውን ነው።

“ሚል” ሌላ ነገር ነው። ቪርሂሊዮ ማርቲኔስ የተባለው ሼፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ሞራይ ከሚባሉት የኢንካ ዘመን ክብ የእርሻ እርከኖች ጫፍ ላይ ከፈተው። ሊማ ያለው ሴንትራል የተባለው ቤቱ በ2023 ከዓለም ምርጥ 50 ምግብ ቤቶች አንደኛ የተባለው ነው። ሚል 3,568 ሜትር ላይ ነው። ምሳው ስምንት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ከአንድ የተፈጥሮ ከፍታ ይነሳል፤ እዚያ ከፍታ ላይ የሚበቅለው ነው የሚቀርበው። አጠገብ ካሉት የኬችዋ መንደሮች ጋር እያረሱ ነው የሚሠሩት። ዋጋው ለአንድ ሰው መቶ ዶላርን በሰፊው ያልፋል፤ ቦታም ቀድሞ መያዝ አለበት።

ያስከፍላል ወይ? አዎ። ያዋጣል ወይ? እዚህ ላይ ነው “ከታች ጀምሩ” ያልኩት።

ሰኔና ሐምሌ ውስጥ ድንች ሲለቀም ገበሬው ማሳው ላይ ከደረቀ ጓል ትንሽ እንደ ጉልላት ያለ ምድጃ ይክባል። ውስጡ እሳት ይነዳል። ጓሉ ሲግል ድንቹን ያስገባና ምድጃውን በላዩ ላይ ይንደዋል። ይህ ሁዋቲያ ነው። ቆፍረው ሲያወጡት ልጣጩ አመድና አፈር ነው። በጣት ይላጣል፤ ይፋጃል፤ ኡቹኩታ ውስጥ ይጠቀሳል። በማራስና በሞራይ መካከል ስትሄዱ ጭስ ካያችሁ ቁሙና ሰላም በሉ። እኔ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ሦስት ድንች ሰጠችኝ፤ ገንዘብ ስሰጣት ሳቀች፤ ኋላ ይዤው የነበረውን ዳቦ ተቀበለችኝ።

ይሄው ሁዋቲያ ሚል ውስጥም ከስምንቱ አንዱ ሆኖ ይቀርባል። ማሳው ላይ የበላ ሰው እዚያ ሲቀርብለት ፈገግ ይላል። ያልበላ ሰው የሚያየው ውድ ድንች ነው። ስለዚህ ሁለት ውድ ምሳ የማይቻል ከሆነ ማፕ ካፌን ትቼ ሚልን እመርጣለሁ፤ ግን በጉዞዬ መጨረሻ ቀን።

ጾመኛና አሳማ የማይበላ

ኩስኮ የአሳማ አገር ነው። ቺቻሮን፣ ሌቾን፣ አዶቦ ስትሰሙ ሦስቱም እዚያ አሳማ ናቸው። “ቲየኔ ቻንቾ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ አሳማ አለው ወይ ማለት ነው። የዶሮና የበግ መረቅ ግን በቀላሉ ታገኛላችሁ። ሐላል ለሚፈልግ ሰው ያለ ጭንቀት የሚበላው ትሩቻ የሚሉት የወንዝ ዓሣ ነው፤ ኡሩባምባና ኦያንታይታምቦ ላይ የትም አለ።

ለጾመኛ “ሲን ካርኔ” ማለት አይበቃም። ሥጋ የለውም ብለው በዶሮ መረቅ የተሠራ፣ ኪንዋ የሚሉት የአገሩ እህል ሾርባ ያመጣሉ፤ ላዩ ላይ አይብ ይነሰንሱበታል። “ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ዌቮ” እያላችሁ ወተቱን፣ አይቡን፣ እንቁላሉን በስም ጥሩት። ካፕቺ ለጾም አይሆንም። ታርዊ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ የተቆላ በቆሎ ይሆናል። ሳን ብላስ ያለው “ግሪን ፖይንት” ሙሉ በሙሉ ከእንስሳት ነገር የጸዳ ስለሆነ ዓቢይ ጾም ላይ ለደረሰ ሰው እረፍት ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ።

ማቹ ፒቹ ሥር ስላለችው አግዋስ ካሊየንቴስ ብዙ አልልም። ባቡር የሚጥላችሁ ከተማ ናት፤ በራፍ ላይ የምግብ ዝርዝር ይዘው የሚጎትቱ ወጣቶች አሉ። አንዱ ቤት ሒሳቤ ላይ ዝርዝሩ ላይ ያልነበረ “የአገልግሎት” ክፍያ ጨምሮ አመጣ። በሕጉ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ግብሩንም ሌላውንም ክፍያ ያካተተ መሆን አለበት። ዝርዝሩን መልሱልኝ አልኩ፤ ጣቴን ዋጋው ላይ አሳረፍኩ፤ አስተካከሉት። እዚያ የምትቆዩት አንድ ማታ ከሆነ ከኩስኮ ቹታና አይብ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ ጠዋት ሳን ፔድሮ ጭማቂና የዶሮ መረቅ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ፒካንቴሪያ፣ ማታ የኪንዋ ሾርባና እንቅልፍ። ሁለተኛ ቀን ካገኛችሁ ኦሮፔሳ በማለዳ። ሦስተኛው ቀን ወደ ሸለቆው ውረዱ፤ ኡሩባምባ ከኩስኮ በ500 ሜትር ዝቅ ስለምትል ትንፋሽ ይመለሳል፤ ማታም ከበድ ያለ ነገር መብላት ይቻላል። እንዲያውም ከሊማ ስትመጡ በቀጥታ ከኤርፖርት ወደ ሸለቆው ወርዳችሁ እዚያ ብታድሩና ኩስኮን ለመጨረሻ ብታስቀሩ፣ የእኔን የመጀመሪያ ሌሊት ትዘሉታላችሁ።